ወፍን ከመሬት፣ መሬትን ከሰማይ፦ ለጀማሪ ፎቶ አንሺዎች

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ላይ እንስማማ። ወፍ የሚነሳው ከመሬት ሆኖ በረጅም ሌንስ ነው። ድሮን የሚሠራው ደግሞ ለመሬቱ፣ ለውሃው፣ ለደኑ ነው። ብዙ ጀማሪ ድሮን ሲገዛ መጀመሪያ የሚመኘው ወፎችን አየር ላይ ተከትሎ መቅረጽ ነው። ሐሳቡ ያጓጓል፣ ይገባኛል። ግን ለወፎቹም ለድሮኑም አይበጅም። ምክንያቱን ወደ በኋላ በዝርዝር እነግራችኋለሁ፤ አሁን ከካሜራው እንጀምር።

መሣሪያ

ባላችሁ ነገር ጀምሩ። በእጃችሁ ያለው ስልክ ብቻ ከሆነ ወፏን ከቅርብ ለማንሳት አትታገሉ፣ ዙም ባደረጋችሁ ቁጥር ፎቶው ይበላሻል። ይልቅ ዛፉን፣ ውሃውን፣ ሰማዩን አስገቡና ወፏ መሃሉ ላይ ትንሽ ሆና ትታይ። እንዲህ ያለ ፎቶ አንዳንዴ ከቅርብ ፎቶ ይበልጣል፣ ምክንያቱም ወፏ የት እንደምትኖር ይናገራል።

ካሜራ ለመግዛት ካሰባችሁ ገንዘባችሁን ሌንሱ ላይ አውሉት። ለወፍ ቢያንስ 300 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ሌንስ ያስፈልጋል። ከ100 እስከ 400 ወይም ከ150 እስከ 600 ሚሊ ሜትር የሚሄዱት ዙም ሌንሶች ለጀማሪ ምቹ ናቸው። ያገለገለ ቢሆንም ችግር የለውም፣ መስታወቱን ወደ ብርሃን አዙራችሁ ሻጋታና ጭረት አለመኖሩን ብቻ እዩ። ካሜራው ትንሹ ሴንሰር ያለው፣ ማለትም ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው ከሆነ ደግሞ አትከፉ። ለወፍ እንዲያውም ይጠቅማል። 300 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ በኒኮንና በሶኒ እንደ 450፣ በካነን እንደ 480 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይታያችኋል።

ትራይፖድ፣ ባለ ሦስት እግሩ የካሜራ ማቆሚያ፣ ረጅም ሰዓት አንድ ቦታ ለሚቀመጥ ሰው ነው። ለሚዞር ሰው ባለ አንድ እግሩ ሞኖፖድ ይበቃል።

ሴቲንግ

ካሜራውን ማኑዋል ላይ አድርጉና አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ብቻ ኦቶ ተዉት። ለወፍ ከዚህ የቀለለ አሠራር የለም። ሹተር ስፒዱን (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) እና አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት) እናንተ ትመርጣላችሁ፣ ብርሃኑ ሲቀያየር ካሜራው አይኤስኦውን ራሱ ያስተካክላል።

ቅርንጫፍ ላይ ቁጭ ላለች ወፍ 1/500 ሰከንድ ይበቃል። ቁጭ ብላም ጭንቅላቷን ቶሎ ቶሎ የምታዞር ከሆነ ወደ 1/1000 ከፍ አድርጉት። ለምትበር ወፍ ከ1/2000 ጀምሩ። ድንቢጥን የመሰሉ ትናንሽ ወፎች ክንፋቸው ስለሚፈጥን 1/3200 ይፈልጋሉ፤ ሽመላን የመሰለ ትልቅ ወፍ ደግሞ ክንፉን ቀስ ብሎ ስለሚመታ 1/1250ም ሊበቃው ይችላል። አፐርቸሩን ሌንሱ እስከፈቀደ ድረስ ክፈቱት። ሁለት ወፎች ጎን ለጎን ካሉ ወይም ወፏ በጣም ከቀረበች ግን ወደ ኤፍ 8 ዝጉት፣ አለዚያ አንዷ ጠርታ ሌላዋ ብዥ ትላለች።

አይኤስኦው ከፍ አለ ብላችሁ አትደንግጡ። 3200 ይሁን፣ 6400 ይሁን። ፎቶው ላይ የሚወጣው አሸዋ መሰል ነገር በሶፍትዌር ይጸዳል። ብዥ ያለ ዓይን ግን ምንም አያድነውም።

ፎከሱ የማያቋርጥ መሆን አለበት። በኒኮን፣ በሶኒና በፉጂፊልም ኤኤፍ-ሲ ይባላል፣ በካነን ደግሞ ሰርቮ። ይሄ ሴቲንግ ሹተሩን፣ ማለትም የማንሻውን ቁልፍ፣ በግማሽ ተጭናችሁ እስከያዛችሁ ድረስ የምትንቀሳቀሰውን ወፍ እየተከተለ ፎከሱን ያስተካክላል። አዳዲሶቹ ካሜራዎች የወፍ ዓይን ለይተው የሚይዙበት ሴቲንግም አላቸው፣ ካላችሁ ክፈቱት። ወፏ ቅጠልና ቅርንጫፍ መሃል ከገባች ግን ካሜራው ግራ ይገባውና ከፊት ያለውን ቅጠል ይይዛል። ያኔ ወደ አንድ ነጠላ የፎከስ ነጥብ ቀይሩና ነጥቡን ዓይኗ ላይ አሳርፉት። ሁልጊዜ ዓይኗ ላይ። ክንፉ ብዥ ቢል፣ ጅራቱ ብዥ ቢል ችግር የለም፣ ዓይኗ ከጠራ ፎቶው ይቆማል።

በተከታታይ የማንሻውን ሴቲንግ ክፈቱ፣ ፋይሉን ደግሞ ሮው አድርጉት። ሮው፣ ማለትም ካሜራው ያላቀነባበረው ጥሬ ፋይል፣ ብዙ ቦታ ይይዛል፣ ግን የጨለመ ላባ ውስጥ ያለውን ዝርዝር በኋላ ማውጣት የምትችሉት በእሱ ነው።

አሁን ጀማሪን በጣም የሚያናድደውን ነገር ላንሳ። ሰማይ ላይ የምትበር ወፍ አንስታችሁ ስታዩት ጥቁር ጥላ ብቻ ሆና ትወጣለች። ካሜራው ተበላሽቶ አይደለም። ሰማዩ ደማቅ ስለሆነ ካሜራው ብርሃኑ በዛ ብሎ ሁሉንም አጨለመው። መፍትሔው ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽኑን (የፎቶውን ብርሃን መጨመሪያና መቀነሻውን) ወደ +1 ማድረግ ነው፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ጥቁር ውሃ ላይ የቆመች ነጭ ወፍ ከሆነች ተቃራኒውን አድርጉ፣ ወደ -1 አውርዱት። የነጭ ላባ ዝርዝር ብርሃን በዝቶበት አንዴ ከተቃጠለ ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ ለነጭ ወፍ ትንሽ ጨለም ብሎ መነሳት ይሻላል።

ሜዳ ላይ

የወፍ ፎቶ በአብዛኛው የሚሠራው ሹተሩን ከመጫናችሁ በፊት ነው። የት ቆማችኋል፣ ፀሐይዋ የት ናት፣ ነፋሱ ከየት ይነፍሳል፣ ወፏ ቀጥሎ ምን ልታደርግ ነው? እነዚህን ያወቀ ሰው በመካከለኛ ካሜራም አንጀት የሚያርስ ፎቶ ያነሳል።

ጠዋት ፀሐይ እንደወጣች ያለው ሰዓትና ከመጥለቋ በፊት ያለው ሰዓት ወርቅ ናቸው። ብርሃኑ ለስላሳ ነው፣ ወፎቹም በተለይ ጠዋት ላይ ምግብ ፍለጋ ንቁ ናቸው። እኩለ ቀን ላይ ግን ጥላው ዓይናቸው ላይ ያርፋል፣ ከመሬት የሚነሳው ሙቀትም አየሩን ያርገበግበዋል። የቱንም ያህል ውድ ሌንስ ብትይዙ በሚርገበገብ አየር ውስጥ ከሩቅ የተነሳ ፎቶ ጥርት አይልም። በዚያ ሰዓት ቤት ግቡና ያነሳችሁትን ምረጡ።

ፀሐይዋን ከጀርባችሁ አድርጉ። ነፋሱንም እንዲሁ። ይሄ የነፋሱ ነገር ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው፣ ግን ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ወፎች ሲነሱም ሲያርፉም ፊታቸውን ወደ ነፋሱ ያዞራሉ፣ አውሮፕላንም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ነፋሱ ከጀርባችሁ ሲነፍስ ወፎቹ ወደ እናንተ እየመጡ ይነሳሉ፣ ፊታቸውንና የተዘረጋ ክንፋቸውን ታገኛላችሁ። ነፋሱ ፊታችሁን ሲመታ ግን የምታነሱት ጅራት ብቻ ነው።

ቀጥሎ ጸባያቸውን እወቁ። ከሩቅ አገር ወፍ አትጀምሩ፤ በየቦታው ያሉትን ርግብና ዳክዬ ያዙ። ሰው ስለለመዱ ይቀርባሉ፣ እናንተም ሴቲንጉን ትለማመዳላችሁ። ለምሳሌ ርግብ ልትነሳ ስትል በደንብ ተመልከቷት። መጀመሪያ ስትለቅም የነበረውን ትተዋለች። አንገቷን ወደ ላይ ትመዛለች። የተነፋው ላባዋ ወደ ሰውነቷ ይሰበሰብና ቅጥን ትላለች። ብዙ ጊዜ ኩሷን ትጥላለች። ከዚያ ጉልበቷ እጥፍ ይላል፣ ደረቷ ወደፊት ያዘነብላል። መጫን ያለባችሁ እዚህ ጋ ነው። ክንፏ ሲከፈት ካያችሁ በኋላ ከተጫናችሁ ባዶ ቅርንጫፍ ነው የሚተርፋችሁ። ዳክዬም የራሷ ምልክት አላት፤ ውሃ ውስጥ ጠልቃ እየወጣች ስትታጠብ ካያችሁ ጠብቁ፣ ስትጨርስ ከውሃው ቀና ብላ ክንፎቿን ታርገበግባለች፣ ውሃው በየአቅጣጫው ይረጫል።

ከቁመታችሁ ወደ ታች እያያችሁ አታንሱ። ወፏ መሬት ላይ ከሆነች ተንበርከኩ፣ ቢቻል በሆዳችሁ ተኙ። ልብስ ይታጠባል። ሌንሱ በዓይኗ ከፍታ ሲሆን ከኋላዋ ያለው ነገር ሁሉ ይርቅና ለስላሳ ቀለም ብቻ ይሆናል፣ ወፏ ብቻዋን ጎልታ ትወጣለች። ቆማችሁ ስታነሱ ግን ከኋላዋ ያለው እግሯ ሥር ያለው አፈርና ጠጠር ነው።

ለመቅረብ ደግሞ ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል እንደሚባለው ነው። ቀጥታ ወደ ወፏ አትሂዱ፣ አዳኝ አውሬ የሚመጣው እንደዚያ ነው። ወደ ጎን እየሄዳችሁ፣ እየቆማችሁ፣ ሌላ ነገር የምታዩ መስላችሁ ቅረቡ። መብላቷን አቁማ ቀና ብላ ካየቻችሁ በዚያው ቁሙ። ወደ ምግቧ ከተመለሰች በኋላ ብቻ ትንሽ ጠጋ በሉ። መኪና ካላችሁ ውስጡ ሆናችሁ በመስኮት አንሱ፣ ሞተሩን አጥፉ። ወፎች ከሰው ይልቅ መኪናን ችለው ይቆማሉ።

የምትበረውን ስትከተሉ ገና ከሩቅ ሳለች ፎከስ ውስጥ አስገቧት፣ ከወገባችሁ እየዞራችሁ ተከተሏት፣ ከተጫናችሁ በኋላም መዞራችሁን አታቁሙ። መጀመሪያ ላይ አብዛኛው ፎቶ ብዥ ይላል። ይሄ የሁሉም ሰው ነው፣ እጅ እስኪለምድ ነው።

ጎጆ ያለበት አካባቢ ግን አንድ ጥብቅ ነገር አለ። ወፏ ምግብ በአፏ ይዛ ወደ ጎጆዋ ሳትገባ ቅርንጫፍ ላይ ከቆመች፣ ወይም እየጮኸች ከላያችሁ ከዞረች፣ ምክንያቱ እናንተ ናችሁ። ራቁ። ጫጩቶቹ እየተራቡ ነው። ጎጆውን የሸፈነውን ቅጠል መቁረጥም አይገባም፣ ያ ቅጠል ከፀሐይና ከጭልፊት የሚጋርዳቸው ነው። የወፍ ድምፅ በስልክ እያጫወቱ መጥራትም በመራቢያ ወቅት ባይደረግ ይሻላል፣ ወፏ ግዛቷን የሚቀማ ባላንጣ የመጣ መስሏት ትደክማለች።

ድሮን

ድሮን ከካርቶኑ ሳይወጣ በፊት ሕጉን እወቁ። ከአገር አገር ይለያያል፤ የአገራችሁን የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት መመሪያ አንብቡ። ያለ ፈቃድ ወደ አገር ማስገባት ራሱ ክልክል የሆነበት ቦታም አለ፣ ስለዚህ ይዛችሁ ከመጓዛችሁ በፊት ጠይቁ። ለመነሻ ያህል በአሜሪካ የሚፈቀደው ከፍታ 400 ጫማ ነው፣ በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ 120 ሜትር፣ ሁለቱም ከሞላ ጎደል አንድ ናቸው። በሁለቱም ቦታ ድሮኑ በዓይን ከሚታይበት ርቀት መውጣት የለበትም። ብዙ ድሮኖች 249 ግራም ተደርገው የሚሠሩት 250 ግራም ላይ ሕጉ ስለሚጠብቅ ነው። ይሁን እንጂ ትንሽ ነው ብሎ መዝናናት አይሠራም። በአውሮፓ ኅብረት መጫወቻ ካልሆነ በቀር ካሜራ ያለው ድሮን ከ250 ግራም ቢያንስም የሚያበረው ሰው መመዝገብ አለበት።

የመጀመሪያውን በረራ ገላጣ ሜዳ ላይ አድርጉ። ዛፍ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦና ሰው የሌለበት ቦታ ይሁን። ከመነሳታችሁ በፊት ፕሮፔለሮቹን አንድ በአንድ በጣታችሁ ዳብሱ፤ ስንጥቅ ያለው ካለ ቀይሩት። የጂምባሉን፣ ማለትም ካሜራውን ሳይንቀጠቀጥ የሚይዘውን ክፍል፣ መሸፈኛ አውልቁ፣ ሜሞሪ ካርዱ መግባቱን እዩ። ከዚያ ታገሡ። ድሮኑ በቂ ሳተላይት አግኝቶ የመነሻ ቦታውን መዝግቤያለሁ እስኪል አትነሱ። ሲግናል ቢቋረጥ የሚመለሰው ወደዚያ ወደመዘገበው ቦታ ነው፣ ካልመዘገበ የሚመለስበት የለውም። ሲመለስ የሚወጣበትን ከፍታም በሴቲንግ አስተካክሉ። አካባቢው ላይ ያለው ረጅሙ ዛፍ 30 ሜትር ከሆነ፣ መመለሻው 20 ሜትር ላይ ተቀምጦ ከቀረ ድሮኑ ቀጥ ብሎ ዛፉ ውስጥ ይገባል።

ተነስታችሁ ሁለት ሦስት ሜትር ላይ ባለበት አቁሙት። ድምፁን ስሙ፣ ሲወዛወዝ እዩት፣ የመቆጣጠሪያውን ስቲኮች በጥቂቱ ነካ ነካ አድርጉ። ድሮኑ ፊቱን ወደ እናንተ ሲያዞር ቀኝና ግራ ይገለበጣል። ይሄ መጀመሪያ ላይ ሁሉንም ያወዛግባል፣ ስለዚህ ዝቅ ባለ ከፍታና ባዶ ሜዳ ላይ በደንብ ተለማመዱት። ፍጥነቱን ዝቅተኛው ላይ አድርጉ። ቪዲዮውም የሚያምረው በእሱ ነው።

ባትሪ ላይ ቀልድ የለም። ሲሄዱ ነፋሱን ተቃርኖ፣ ሲመለሱ ነፋሱን ተከትሎ ቢሆን ይመረጣል። ተቃራኒውን ካደረጋችሁ መሄዱ ቀላል ይሆንና መመለሱ ባትሪውን ይጨርሰዋል። ከፍ ባላችሁ ቁጥር ነፋሱ ይበረታል፣ መሬት ላይ ስትቆሙ የማይሰማችሁ ነፋስ ድሮኑ ላይ ሊበረታ ይችላል። ባትሪው ወደ 25 በመቶ ሲደርስ መሬት ላይ እንዲሆን አስባችሁ ተመለሱ። ብርድም ባትሪን ቶሎ ያወርዳል። ለብዙ ቀን የማታበሩ ከሆነ ሙሉ አድርጋችሁም ጭልጥ አድርጋችሁም አታስቀምጡት፣ ግማሽ አካባቢ ይሁን። በአውሮፕላን ስትጓዙ ትርፍ ባትሪዎቹ በእጅ ሻንጣ ነው የሚያዙት።

አሁን ወደ ፎቶው። አብዛኛው ጀማሪ ድሮኑን የሚችለውን ያህል ያወጣውና ሁሉም ነገር ካርታ ይመስላል። እኔ ከ20 እስከ 40 ሜትር ያለውን ከፍታ እመርጣለሁ። ዛፉ ዛፍነቱ ይታያል፣ የመንገዱ ጠመዝማዛ ይለያል። ካሜራውን ቀጥታ ወደ ታች አድርጋችሁ ማንሳትም ሞክሩ። በዚህ አነሳስ ጥላ ትልቅ ሥራ ይሠራል፤ ጠዋት ፀሐይዋ ዝቅ ስትል የአንድ ዛፍ ጥላ ከዛፉ ራሱ ይረዝማል፣ እኩለ ቀን ላይ ግን ያው ቦታ ጠፍጣፋ ይሆናል።

አይኤስኦውን 100 ላይ አድርጉ፣ ሮው ክፈቱ። ሰማዩ በጣም ደማቅ፣ መሬቱ ጨለማ ከሆነ በተለያየ ብርሃን ሦስት ወይም አምስት ፎቶ በተከታታይ የሚያነሳውን ሴቲንግ ተጠቀሙና በኋላ አዋህዷቸው። ለቪዲዮ የሹተር ስፒዱ ከፍሬሙ (በሰከንድ ከሚቀረጹት ምስሎች ብዛት) እጥፍ ቢሆን እንቅስቃሴው ለዓይን ይለሰልሳል። በ25 ፍሬም ከቀረጻችሁ 1/50፣ በ30 ከሆነ 1/60። በቀን ብርሃን ይሄ ቁጥር ፎቶውን ስለሚያቃጥለው ኤንዲ ፊልተር ያስፈልጋችኋል፣ ለካሜራው የፀሐይ መነጽር ማለት ነው። ስትቀርጹ አንድ እንቅስቃሴ ብቻ ምረጡ። ወደፊት ከሆነ ወደፊት ብቻ፣ ቀስ ብላችሁ፣ ሳትቆራርጡ።

ድሮንና ወፍ

ቃል የገባሁት እዚህ ጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ካሊፎርኒያ ውስጥ ቦልሳ ቺካ በሚባል ጥብቅ ረግረግ አንድ ድሮን ወፎች እንቁላል የጣሉበት ደሴት ላይ ወደቀ። 3,000 ገደማ የባሕር ወፎች ደንግጠው ተነሡ፣ አልተመለሱም። ከ1,500 የማያንስ እንቁላል አሸዋው ላይ ቀረ። ድሮኑ ማንንም ለመጉዳት አልተላከም። መውደቁ ብቻ በቃ።

ወፍ ድሮንን የሚያየው እንደ ጭልፊት ነው። ሲደነግጥ ይነሳል፣ ሲነሳ ከመብል ያጠራቀመውን ጉልበት ያባክናል፣ እንቁላሉ ደግሞ ለፀሐይ፣ ለብርድና ለቁራ ይጋለጣል። አንድ ጊዜ መነሳቱ ከሩቅ ለሚያይ ሰው ምንም አይመስልም፣ ግን በቀን በርካታ ድሮን ሲመጣበት ወፉ ቦታውን ለቅቆ ይሄዳል። የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ከ2014 ጀምሮ ድሮን የከለከሉበት አንዱ ምክንያት የዱር እንስሳት መረበሽ ነው።

ስለዚህ ረግረግ፣ ደሴት፣ ገደል ወይም ወፎች በብዛት የሚያድሩበት ዛፍ ካለ ከዚያ ራቅ ብላችሁ ተነሱ። ሳትነሱ በፊት ሰማዩን አንዴ ቃኙ። መንጋ ወደ ድሮኑ ከመጣ ወይም በዙሪያው መዞር ከጀመረ ቀረጻውን ተዉትና አውርዱት። ንስር ወይም ጭልፊት ሊመታው ሲመጣ ግን ወዲያው ወደ ታች አትውረዱ። እነሱ የሚያጠቁት ከላይ ወደ ታች ተወርውረው ነው፣ ስለዚህ ቀጥ ብላችሁ ወደ ላይ ውጡ፣ ወፉ ሲተው ቀስ ብላችሁ አካባቢውን ለቅቃችሁ አሳርፉ። በዚያ ቀን ደግማችሁ አታንሱት፣ ጎጆው አጠገብ ሊሆን ይችላል።

ቤት ስትገቡ

ከተነሳው ብዙ ፎቶ ውስጥ ዓይኗ ያልጠራችውን ሁሉ ያለ ርኅራኄ ሰርዙ። የቀሩትን ቆረጥ አድርጉና ወፏ ከምትመለከትበት አቅጣጫ ፊት ለፊት ክፍት ቦታ ተዉላት። ቀለሙን አታጋኑት፣ ላባ የራሱ ቀለም ይበቃዋል።

ፎቶውን ኢንተርኔት ላይ ከመጫናችሁ በፊት ፋይሉ ውስጥ ያለውን የጂፒኤስ መረጃ አጥፉ። በተለይ የድሮንና የስልክ ፎቶ ቦታውን በትክክል መዝግቦ ይይዛል። ብርቅ ወፍ ወይም ጎጆ ከሆነ የቦታውን ስም በጽሑፍም አታስቀምጡ፤ ክፍለ ሀገሩን መጥቀስ ይበቃል፣ የት እንደሆነ ለሚጠይቃችሁ ሰው ደግሞ ጎጆው ባዶ ከሆነ በኋላ እነግርሃለሁ በሉት።